አንዳንድ ማክሰኞ የምታጨስ ማሽን

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን ካርቶን ስከፍት አራት የሥራ ደብተር፣ አንድ ካቻቪቴና አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ካቻቪቴው ሥራ ያስተማሩኝ የጋሽ ወልዴ ነው። ወረቀቱ እኔው የጻፍኩት ሪፖርት ቅጂ ነው፤ አምስት መስመር አይሞላም። በእነዚያ አምስት መስመሮች ማርቆስ የሚባል ሰው ከመቀመጫው አውርጃለሁ። ማርቆስ ጥፋት አልነበረበትም። ይህን ካወቅኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ልጄ፣ "አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ስትፈታ ነው የኖርከው፤ ቁጭ ብለህ ትዝታህን ጻፍ" ትለኛለች። የሌላው ጡረተኛ ትዝታ ምስጋናና ሽኝት ነው። የእኔ ጭስ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከሞተር ጋር ኖሬ፣ የአንዲት የሣር ማጨጃ ጭስ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ሲያጋባኝ ኖረ። ምክንያቱ ከተገለጠልኝ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ግራ የገባኝ በራሴ ነው። እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረው የጋሽ ወልዴ ጋራዥ ነው። ጋሽ ወልዴ መኪና አይነኩም። "መኪና የሚሠራማ ሞልቷል" ይሉና ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ ብቻ ይቀበላሉ። የቦሌ ባለ ግቢዎች ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጡ ነበር። ሌላው ሜካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራውን ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ሳይጀምሩ ይታጠባሉ። "በዘይት እጅ ዘይት አይሸተትም" ይሉ ነበር። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ መዘው ደረጃውን ከማየታቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ቤንዚን ይሸት እንደሆነ፣ አሮ እንደሆነ፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ በአፍንጫቸው ያውቁታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ወጥ ሲያሸቱት ሳይ ሳቄ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጥያቄያቸው አለ። ማሽን ይዞ የመጣ ደንበኛ ሦስት ጥያቄ ሳይመልስ ካቻቪቴያቸው ከኪሳቸው አይወጣም። የት ነው የምትቆመው? እንዴት ነው የምትቆመው? መጨረሻ የነካት ማን ነው? ደንበኛው ይበሳጫል፤ የሚቸኩል ሰው ነው፣ መኪናውን መንገድ ዳር ነው ያቆመው። እሳቸው አይሰሙትም። እኔ የዚህ ጥያቄ ትርጉም የገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ጨዋታ ይወዳሉ ብዬ ነበር የተረዳሁት።

አንድ ጊዜ ከውጭ በቅርብ የገባች የሣር ማጨጃ መጣችልን፤ ከነሽታዋ አዲስ ናት፣ ጭሷ ግን እንደ ከሰል ጥቁር። ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮዋን አጠብኩ፣ እንደገና ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች። ጋሽ ወልዴ ሰውየውን የት ትቆም እንደነበር ጠየቁት። ከመምጣቷ በፊት ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ እንደነበረች ነገራቸው። ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማህ? እዚህ አየሩ ስስ ነው። እሷ ግን ቤንዚኗን እንደ አገሯ ነው የምትጠጣው፤ በዝቶባት ነው የምታጨሰው።" የካርቡራቶሯን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ቀየሩላት፤ ጭሱ ጠፋ። ጥቁር ሲሆን ቤንዚን በዝቷል፣ ሰማያዊ ሲሆን ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ይህን ከእሳቸው ተምሬ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጥያቄውን ግን ከነጭራሹ ረሳሁት።

እድር ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ የጋራዡ ሰፈር እድር። ገና ሚስት ሳላገባ "ሰው ነህ፣ ትሞታለህ" ብለው አስመዘገቡኝ። በእድሩ ደንብ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያወጣና የሚተክል ተረኛ አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ ሰነፍ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ሥራ አለብኝ እላለሁ፤ ቅጣቴን ከፍዬ እገላገላለሁ። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ንጹሕ ነጠላዬን ለብሼ መጥቼ እቀመጣለሁ። አንድም ቀን ምሰሶ ይዤ አላውቅም።

ከጋሽ ወልዴ ጋራዥ ወጥቼ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ የዕቃ መጋዘን የጄኔሬተር ሠራተኛ ሆኜ ረጅም ጊዜ ሠራሁ። እዚያ አንዲት ብሎን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠየቅ ስለነበር ከሞተሩ ይልቅ ፎርሙን ነው የተማርኩት። በመጨረሻ ወደ ድሮ ሰፈሬ የሚመልሰኝ ሥራ አገኘሁ። ከወሎ ሰፈር ጀርባ፣ እንግዶች የሚያርፉበት ሰፊ ግቢ ነው፤ ባለቤቱን አልጠራም። ጄኔሬተሩም፣ ፓምፑም፣ የአትክልቱ ማሽኖችም በእኔ ኃላፊነት ነበሩ።

ግቢው መስክ የሚያህል ሣር አለው። ይህን የምታጭደው ሰው ተቀምጦ የሚነዳት ትንሽ ማሽን ነበረች፤ ሞተሯ ከመቀመጫው ኋላ ነው። ሠራተኛው ሁሉ "ትራክተሯ" ይላታል። ሾፌሯ ማርቆስ ነው። ማርቆስ ከወላይታ የመጣ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። የሚኖረው ጎሮ ነው፤ እድሩም ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው። ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ያጭዳል፤ ከማክሰኞ በቀር ትራክተሯ ከኋላ በር አጠገብ ካለው መጋዘን አትወጣም። ሲጨርስ አጥቦ፣ ፍሬኗን ይዞ፣ የሞተሩን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። በዚያ መቀመጫ ላይ ሲሆን አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚነዳው። ሣሩ ላይ የሚተዋቸው መስመሮች በገመድ የተለኩ ነው የሚመስሉት። እንግዶች ፎቶ ያነሡት ነበር፤ እሱ ደግሞ አያፍርም፣ ቀኝ እጁን ያነሣላቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ማርቆስ እየሮጠ ጄኔሬተር ቤት መጣ። "ጋሽ ታደለ፣ አጨሰችብኝ!" ሄድኩ። ሰማያዊና ነጭ የተደባለቀ ጭስ ማርሚታዋ ትተፋለች፤ ጽጌረዳው ሁሉ አይታይም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። የአየር ፊልትሮውን ስከፍት ዘይት ጠጥቷል። ፊልትሮው ውስጥ ዘይት ምን ይሠራል? አጠብኩት፣ ዘይቱን አየሁ፣ ካንዴላዋን ጠረግኩ፣ አስነሣኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል አጭሳ በራሷ ጊዜ ተወችው። ዳነች ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ወር ሳይሞላ ደገማት። አሁንም ግማሽ ሰዓት አጭሳ ዳነች። ቴስታታዋን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ፈታሁ፤ ደህና ነው። ይበላሻል ብዬ የጠረጠርኩትን ሁሉ ቀየርኩ። ለሁለት ወር ሰላም ሆነች። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ማክሰኞ አጨሰች። ፒስቶኗን አውጥቼ ፋሻዎቹን፣ ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚከለክሉትን ቀለበቶች ማለቴ ነው፣ በአዲስ ተካሁ። አሁንም አጨሰች። የታመመ ሞተር ሁልጊዜ ነው የሚታመመው፤ ይቺ ግን አንዱን ማክሰኞ ጤነኛ፣ ሌላውን በሽተኛ ናት። ዝናብ ነው? በበጋም ታጨሳለች። ቤንዚኑ ነው? ከአንድ በርሜል ነው የምንቀዳው። ጭንቅላቴ ዞረ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩም፤ እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ የሞተር ሐኪም ነበርኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ማርቆስ አንድ ቀን መሣሪያዬን ስሰበስብ ቆሞ የጠበቀኝ።

"ጋሽ ታደለ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይስቁብኝ።"

"ተናገር።"

"ሰው የሞተ ሳምንት ነው የምታጨሰው።"

"ምን አልክ?"

"ከታክሲ ወርጄ በኋላ በር ነው የምመጣው። መንገዱ በለቅሶ ድንኳን ከተዘጋ፣ በዚያ ሳምንት ታጨሳለች። እስካሁን አላሳተኝም።"

ሳቅኩ። በጥርሴ አይደለም፤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። "አንተ ጴንጤ አይደለህ እንዴ? ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው? ትራክተሯ ለቅሶ ትደርሳለች ነው የምትለኝ?"

ማርቆስ አልሳቀም። "እኔ አላምንበትም ጋሼ። ቀኑን ነው የነገርኩዎት" አለና ሄደ። ነገሩን ለጥበቃዎቹ አወራሁላቸው፤ እነሱም ሳቁ። አሁን ሳስበው የጥበቃዎቹ ኃላፊ አበጋዝ ከሌሎቹ ቀድሞ ነበር ሳቁን ያቆመው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ወልዴን ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ አገኘኋቸው። ጋራዡን ዘግተው ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ማኪያቷቸውን በሁለት እጅ ነው የሚያነሡት። ችግሬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ስለ ፋሻው፣ ስለ ቴስታታው ስነግራቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ስጨርስ፣

"የት ነው የምትቆመው?" አሉኝ።

"መጋዘን ውስጥ ነዋ ጋሼ።"

"እንዴት ነው የምትቆመው?"

"በአራት ጎማዋ! ሌላ እንዴት ትቆማለች?"

"አየሃት?"

"እንዴት አላያትም? ማክሰኞ ማክሰኞ አያታለሁ።"

"አንተ በማትሄድበት ቀን ማለቴ ነው።"

ተናደድኩ። የሞተር ነገር ሳወራቸው የማደሪያ ነገር ያወሩኛል፤ አረጁ አልኩ በልቤ። እሳቸውም አልተጨቃጨቁኝም። "እንግዲያው ሂድና እያት" አሉኝ። አልሄድኩም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ግቢው ውስጥ የእንግዶች ምሳ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ሣሩ ዳር ተደርድረዋል። ማርቆስ ራቅ ያለችውን ጥግ ሊያጭድ ሲያስነሣት ጭሱ ተነሥቶ እንግዶቹ ላይ ወረደ። ሰው በናፕኪን አፍንጫውን ይዞ ተነሣ። የግቢው አስተዳዳሪ ወይዘሮ ሰናይት መጣች፤ በልጄ ዕድሜ ናት፣ ፈጣን፣ ሥራዋን የምታውቅ። ከኋላዋ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተከትለዋታል።

"አቶ ታደለ፣ ይሄ ነገር ሁለት ዓመቱ ነው። ሲምፕል ጥያቄ ልጠይቅዎ። ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ ኦፕሬተሩ?"

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ዘይቱ ከምልክቱ አንድ ጣት ከፍ ብሏል። ዘይት ከልክ በላይ ሲሞላ ሞተር እንደሚያጨስ ማንም ያውቃል። እጄ በልማድ ዘንጉን ወደ አፍንጫዬ አነሣው። እነዚያ ሱፍ የለበሱት ሰዎች ያዩኛል፤ ወይዘሮ ሰናይት ታየኛለች። እንደ ወጥ ላሽተው? አፈርኩ። ዝቅ አድርጌ በጨርቅ ጠረግኩት። ብቸኛው ምስክሬ በዚያ ጨርቅ ተጠረገ።

"ዘይት ከልኩ በላይ ሆኗል" አልኩ።

"ዘይት የሚያየው ማን ነው?"

"ማርቆስ ነው።"

ማርቆስ ከመቀመጫው አልወረደም ነበር። "እኔ ጠብታ አልጨመርኩም" አለ። ወደ እኔ ነበር የሚያየው፣ ወደ እሷ አይደለም። እኔ የዘይት ጣሳውን ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ኦፕሬተሩ ከልክ በላይ ዘይት በመሙላቱ ሞተሩ እንዲያጨስ አድርጓል" ይላል ዋናው መስመር። ዓርብ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እንዳነብ ተጠየቅኩና አነበብኩት። ማርቆስ ከትራክተሯ ወርዶ ማጭድና የአጥር መቀስ ተሰጠው። በእሱ ፋንታ ሌላ ሾፌር ተመደበ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አንዲት የጭስ ክር አልታየችም። ይኸው አልኩ፤ ልክ ነበርኩ። ሰዎችም "ጋሽ ታደለ እንዴት አገኘው" አሉ። ማርቆስ ጎንበስ ብሎ አጥር ሲከረክም ባጠገቡ ሳልፍ "እንደምን አደሩ" ይለኛል፤ እመልስለታለሁ። በአራተኛው ወር መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። የተሰናበተኝ "ደህና ይሁኑ ጋሼ" ብሎ ብቻ ነው።

እሱ በለቀቀ በሁለት ሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ ወልዴ አረፉ።

ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶው የእኔ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ላወጣ ከተረኞቹ ጋር ሄድኩ። የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች በእኛው ግቢ፣ ከኋላው መጋዘን፣ በውስጠኛው ክፍል እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። የቀድሞው አስተዳዳሪ ለሰፈሩ ሰው በቃል የፈቀዱት ነው። ይህን ማወቄ ነው እኮ ዛሬም የሚያናድደኝ። ድንኳኑ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ትራክተሯ የት እንደምትቆም አውቃለሁ፤ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውን አውቃለሁ። ያ ረጅም ምሰሶ በዚያች ጠባብ መጋዘን ትራክተሯን አልፎ እንዴት እንደሚወጣ ግን አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅኩም።

አበጋዝ በሩን ከፈተ። ትራክተሯ መሀል መንገዱን ይዛ ቆማለች። "ጋሽ ታደለ፣ በዚያ በኩል ይያዙልኝ" አለኝ። ሳላስብ ያዝኩ። አራት ሆነን የፊት ጎማዎቿን ከመሬት አነሣንና፣ ቀጥ አድርገን፣ በኋላዋ አቁመን ግድግዳው ላይ አስደገፍናት። መሪዋ ወደ ጣሪያ፣ ሞተሯ ወደ መሬት። ከዚያ ምሰሶዎቹን በተከፈተው መንገድ ያወጡ ጀመር።

እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ቤንዚን ሸተተኝ። ከፊልትሮው ሥር አንድ የዘይት ጠብታ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ።

"አበጋዝ፣ ይቺን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታቆሟት?"

"ታዲያ እንዴት እናድርግ? ፍሬኗ ተይዟል፤ ቁልፉ ድሮ ከማርቆስ ጋር ነበር፣ እሱ ደግሞ ጎሮ ነው፤ አሁንም አዲሱ ሾፌር ይዞት ይሄዳል። አትገፋ ነገር።"

"እስከ መቼ ነው የምትቆየው እንዲህ?"

"ድንኳኑ እስኪመለስ ነዋ። ሠልስት ሲወጣ ምሰሶውን አስገብተን እናወርዳታለን፤ ማክሰኞ ከገባበት ደግሞ ሾፌሩ ሳይመጣ ሌሊት እናወርዳታለን። ምነው፣ ይጎዳታል እንዴ?"

ምን ልበለው? የዚያች ሞተር ቴስታታ ወደ ኋላ የዞረ ነው። በኋላዋ ስትቆም ቴስታታው ታች ይሆናል፤ ዘይቱ በፒስቶኑ ጎን ሾልኮ እሳቱ የሚነድበት ቦታ ይጠራቀማል፣ በመተንፈሻው አድርጎ ፊልትሮው ውስጥ ይገባል። ቤንዚኑም ከጋኑ ይወርዳል፤ ማሽኗ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ሾልኮ ከዘይቱ ይቀላቀላል። ዘይቱ ከምልክቱ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ባሸተው ኖሮ ቤንዚን ይሸተኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ነድዶ ሲያልቅ ጭሱ ይቆማል። እነዚያ አራት ወሮች ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ያልሞተባቸው ወሮች ነበሩ።

ማርቆስ ያለኝን ነው ያየሁት። ሰው የሞተ ሳምንት ነው የምታጨሰው።

አንድ የእድሩ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው "አይዞህ፣ አባትህ ነበሩ" አሉኝ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። ለጋሽ ወልዴ ነው ያለቀስኩት፣ ለማርቆስም ነው፣ ለራሴም ነው፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ምሰሶ ሰጡኝ፤ ተሸክሜ ወጣሁ።

የዚያን ማክሰኞ ትራክተሯ አጨሰች። ደብተሬን ከእድሩ መዝገብ ጋር አስተያየሁት፤ የጭሱ ቀን ሁሉ ከለቅሶው ሳምንት አንድ በአንድ ገጠመ። ለአበጋዝ የቁልፍ ቅጂ ሰጠሁት፣ ፍሬኑን እንዴት እንደሚፈታ አሳየሁት፤ ከዚያ በኋላ ትራክተሯን እየገፉ ያወጧት ጀመር። ጭሱ በዚያው ጠፋ። እኔም ዝም አልኩ። ሪፖርቱን ባስተካክል የእድሩን ድንኳን ነገር ለወይዘሮ ሰናይት መናገሬ ነው፤ አበጋዝ ደግሞ "አዲሷ ኃላፊ ካወቀች ታስወጣብናለች፣ አደራ" ብሎኛል። ይህ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን በዚያ ዓርብ ያን ወረቀት ያነበብኩት እኔ መሆኔ ነው፤ ተነሥቼ ተሳስቻለሁ ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሥራ እንደሚያበላሽ አውቃለሁ፤ እኔን ግን ስድስት ዓመት አስቀመጠኝ።

ዘንድሮ ግቢው በባትሪ የምትሠራ ማጨጃ ገዛ። ዘይት የላት፣ ጭስ የላት። አሮጊቷን ትራክተር በጨረታ አወጧት፤ እኔም በዚያው ወር ጡረታ ወጣሁ። ካርቶኑን ከፍቼ ያቺን ወረቀት ባገኘሁ በማግስቱ ታክሲ ይዤ ጎሮ ሄድኩ።

ማርቆስን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ መንገድ ዳር ችግኝ ይሸጣል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ ተነሣ፣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ያለችውን አንዲት በርጩማ ሰጠኝ። እሱ ቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ምሰሶውን፣ ግድግዳውን፣ ያላሸተትኩትን ዘይት። እስክጨርስ ችግኙን ውሃ ያጠጣል።

"ስድስት ዓመት ያውቁ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ግራ ገብቶኝ ነበር ጋሼ። ሳላውቅ ጨምሬ ይሆን እንዴ እላለሁ። ራሴን ተጠራጠርኩ። ሌላ ቦታ ማሽን ስጡኝ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። ያውልዎት፣ ከዚያ ወዲህ ማሽን ላይ ተቀምጬ አላውቅም።"

"ይቅር በለኝ፣ ማርቆስ።"

"ይቅርታውን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ በልቤ አልያዝኩብዎትም።" ማጠጫውን አስቀመጠ። "ግን በወረቀት አውርደውኝ በአፍ አያንሡኝ። ያቺ ሰው ፊት ነው የተነበበችው። ማረሚያዋም ተጽፋ ሰው ፊት ትነበብ።"

ወደ ቤቴ ተመልሼ ጻፍኩ፤ ወደ ወይዘሮ ሰናይትም ይዤ ሄድኩ። ሳነብላት ስለ ድንኳኑ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቀና ብላ አየችኝ። "አቶ ታደለ፣ ድንኳኑ እዚያ እንዳለማ ሥራ የጀመርኩ ሳምንት ነው ያየሁት። እናንተ እንዳትሳቀቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አበጋዝ እሷን ፈርቶ ዝም አለ፣ እሷ እኛን አክብራ ዝም አለች፣ እኔ በራሴ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ከሁላችን የተናገረው ማርቆስ ብቻ ነበር። እሷም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እኔም የጠየቅኩት ጥያቄ ልክ አልነበረም" አለችና ማኅተም መታችበት፤ አንዱን ፋይል ውስጥ አስገባች፣ አንዱን ሰጠችኝ። በዚያ ዓርብ ስብሰባ ከነበሩት ሠራተኞች የቀሩት ሦስት ብቻ ስለነበሩ፣ "የሚነበብለት ሰው እሱ ጋ ነው ያለው" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ማርቆስ ቤት ደረስኩ። ሚስቱን፣ ትልቋን ልጁንና ሁለት የእድሩን ጎረቤቶች ጠርቶ አስቀምጧል። ሚስቱ እኔን ሳታውቀኝ "ይግቡ፣ ይግቡ" ትለኛለች። ማርቆስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ማሽኗ ተሸጣ ነው የወረድኩት ብዬ ነው የነገርኳት" አለኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ።

መነጽሬን አድርጌ፣ ቆሜ አነበብኩ። ማሽኗ በኋላዋ ትቆም እንደነበር፣ ዘይቱ ከፍ ያለው ቤንዚን ገብቶበት እንደሆነ፣ እኔ ሳላጣራ እንደ ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ኦፕሬተሩ አቶ ማርቆስ ጥፋት የለበትም፤ ማሽኗ የምታጨስበትን ቀን አስቀድሞ በትክክል ተናግሮ ነበር።"

 ሚስቱ ዞር ብላ ባሏን አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ማርቆስ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የተቀመጠው፤ ሲነዳ እንደማውቀው።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ "የቀኑን ነገር ይድገሙልኝ።"

ደገምኩለት።